«ወረቀት ልትጽፊ ነው ያስተማርኩሽ?»

ከጋሞ ዞን የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ጤና መኮንን ነሽ፤ በአንድ ጤና ጣቢያ አራት ዓመት ሠርተሻል። አሁን ሦስት በር ተከፍቶልሻል፤ በክልሉ የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ዝግጁነት ክፍል የዕቅድ ባለሙያ መሆን፣ በዞን ጤና መምሪያ የቅኝት (የበሽታ ክትትል) ባለሙያ መሆን ወይም አዲስ አበባ፣ ደመወዙ የተሻለ የግል ክሊኒክ መግባት። ዞኑን «እዚያው በዚያው ነው» ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። ያሳደገሽ ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ የዕቅዱን ሥራ ሲሰማ «ሰው ልታክሚ ነው ወይስ ወረቀት ልትጽፊ ነው ያስተማርኩሽ?» ብሎሻል። አንቺም ከዚያ ወዲህ ተጠራጥረሻል።

ይህ ነገር እኔንም ይመለከተኛል። ከነርስነት ወጥቼ ዞን ስገባ፣ ዘመዶቼ ጋውን ማውለቄን እንደ ሹመት ሳይሆን እንደ ሽረት ነበር ያዩት። ስለዚህ መልሴ ከዳር የቆመ ሰው መልስ አይደለም።

ወንድምሽ ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተቀይሮ በየዓመቱ የሚቀርብ የአደጋ ዝግጁነት ዕቅድ ሞልቷል። «አንድ አምቡላንስ አለ» ይላል፤ አምቡላንሱ ጎማ አጥቶ ከግቢ ሳይወጣ ወራት አልፎታል። በአባሪው የስልክ ዝርዝር አለ፤ ብትደውዪ ግማሾቹ ተዛውረዋል፣ አንዱ ጡረታ ወጥቷል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ልትጽፊ ከሆነ ወንድምሽን ስሚው፤ ክሊኒኩ ይሻልሻል።

እውነተኛው ዕቅድ ግን ሕክምና ነው፤ ልዩነቱ ቀድሞ መሰጠቱ ብቻ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ኮሌራ ይዞት ሰውነቱ ክፉኛ ውኃ ካጣ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ሒሳብ 6 ሊትር ሪንገር ላክቴት የሚባለው ፈሳሽ በ3 ሰዓት ውስጥ በደም ሥሩ መግባት አለበት። ይህን ታውቂዋለሽ። በጤና ጣቢያ ሥራሽ መርፌውን መሰካት ነበር። ዕቅድ አውጪዋ የምትጠይቀው ሌላ ነው፦ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ያለ በሽተኛ ስንት ሊመጣ ይችላል? ለእያንዳንዱ ስድስት ባለ አንድ ሊትር ከረጢት ስናስብ፣ ከረጢቱ አሁን የትኛው መጋዘን ነው? ወንዝ ሲሞላ መንገዱ የሚቆረጥባቸው ቀበሌዎች የትኞቹ ናቸው? እንግዲያው ከረጢቱ ዝናቡ ሳይጠና ወንዙን መሻገር አለበት። በሐምሌ ሌሊት ተረኛዋ ነርስ እጇን ስትዘረጋ ሪንገሩን የምታገኘው በሚያዝያ አንድ ሰው ይህን አስቦ ስለጻፈ ነው።

ደግሞም ሥራውን ጀምረሽዋል። በጤና ጣቢያችሁ ግድግዳ ላይ በየሳምንቱ የምትሞይው የወባ መከታተያ ሠንጠረዥ አለ አይደል? ያለፉት 5 ዓመታት የአንድ ሳምንት ቁጥሮች በቅደም ተከተል ይደረደሩና ከላይ ሁለተኛው ጣራ ይሆናል፤ የዘንድሮው መስመር ከዚያ ካለፈ ወረርሽኝ ነው ብላችሁ ትነሣላችሁ። ትልቁ ቁጥር የሚዘለለው አንድ ክፉ ዓመት ጣራውን ሰቅሎ እንዳያዘናጋችሁ ነው። ይህች መስመር ዕቅድ ናት። «ሳምንታዊ ሪፖርት ሰለቸኝ» ብለሽ የጻፍሽልኝ እርሷን ነው።

ለወንድምሽ ግን ስለ ሠንጠረዥ አታውሪለት። ስለ ጎፋ ንገሪው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን እርሱም ሰምቷል። መጀመሪያ የተናደው መሬት የቀበራቸውን ሊያወጣ ሕዝቡ በእጁና በአካፋ ሲቆፍር፣ ተራራው ዳግመኛ ተናደበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ለመርዳት የሮጡ ነበሩ፤ መምህራንና የጤና ባለሙያዎችም ነበሩባቸው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ጎረቤቱ ከአፈር በታች ሆኖ ቆሞ የሚያሰላስል ሰው የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ማሰቡ ቀድሞ ማለቅ ያለበት ለዚህ ነው፦ አምቡላንሱ የት ይቁም? ወደ ናዳው ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ይጠጋ? ማዶ ሆኖ ዳገቱን ብቻ እያየ «ውጡ!» ብሎ የሚጮኸው ማን ነው? ይህን ወረቀት ካልሽው ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ምርጫሽ። እኔ ብሆን ክልሉን ለጊዜው ትቼ ዞን እገባለሁ። ክልል የተቀመጠ ዕቅድ አውጪ ከዞን የመጣለትን ቁጥር ደምሮ ነው የሚያቅደው፤ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወለድ ያላየ ሰው ደግሞ ባዶውን ከዜሮ አይለይም። ሪፖርት ያልላከ ጤና ኬላ በሽታ የሌለበት መስሎት ያልፋል። ኮሌራ የተጠረጠረ እንደሆነ ወሬው ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ በየደረጃው በ30 ደቂቃ ውስጥ ማለፍ አለበት። ዞን ላይ ስትቀመጪ ስልኩ የት እንደሚቆም ታውቂያለሽ፦ ኔትወርክ የሌለው ቀበሌ የትኛው ነው፣ «ነገ አጣርቼ እነግርሻለሁ» የሚለው ኃላፊ ማን ነው። ሁለት ዓመት ይህን ኑሪና ክልል ያን ጊዜ ግቢ።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ሳላለባብስ ልናገር። ወንድምሽ የጀመረውን ቤት በአንቺ ደመወዝ ለመጨረስ እንዳሰበ በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ጠቅሰሻል። ታዲያ ጭንቀቱ ስለ ሙያሽ ሳይሆን ስለ ቆርቆሮው ነው፤ ሁለቱን አታደባልቂያቸው። ውለታው ትልቅ ነው፤ የምትከፍይው ግን በአቅምሽ እንጂ በሥራ ምርጫሽ አይደለም። በየወሩ ይህን ያህል እልካለሁ በይው፤ ከዚያ ላይ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። የክሊኒኩን ብልጫም የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ምን ያህሉን እንደሚወስደው ቁጭ ብላችሁ አስሉት። በመንግሥት ሥራ ውሎ አበልን እንደ ደመወዝ ቆጥረሽ ዕዳ እንዳትገቢ፤ በጀት ሲጠብብ መጀመሪያ የሚቀረው እርሱ ነው።

የሠጋሽበት እንግሊዝኛሽ ሪፖርት ስትጽፊ ይስተካከላል። የሙያ ፈቃድሽን በየጊዜው አሳድሺ፤ ወደ ሕክምና መመለስ ከፈለግሽ በሩ አይዘጋም። ሁለተኛ ዲግሪውን በመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም የበሽታን ሥርጭት ቦታው ድረስ ሄዶ በማጥናት ሙያ፣ አስቢበት፤ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሥልጠና አብዛኛው በሥራ ላይ የሚሰጥ ስለሆነ ከዞን ለምትመጣ ሰው ይመቻል።

ዞኑ ከቀጠረሽ በመጀመሪያው ሳምንት ያን የስልክ ዝርዝር ፈልጊና ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን ደውዪ። የማመልከቻው ጊዜ መቼ እንደሚያበቃ አልጻፍሽልኝም፤ ካላለፈ እስከ ዓርብ አስገቢ።