አስፈሪ መጻሕፍት ለታዳጊዎች፦ የትኛው ለማን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጅ አለችኝ። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ልጄ ከጓደኞቿ ጋር በስልክ ሆረር ፊልም ማየት ከጀመረች ወዲህ «አስፈሪ መጽሐፍ ግዢልኝ» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ማንበብ መፈለጓ ደስ ቢለኝም አባቷ «የፈረንጅ ልማድ ነው፤ ክፉ መንፈስ ቤት ያስገባል» ብሎ አልተስማማም። እኔ የምሰጋው እንቅልፍ እንዳታጣ ነው። ልግዛላት ወይስ ልከልክላት? ከገዛሁስ የትኛውን ላስቀድም?

አንዲት እናት፣ ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ይግዙላት፤ ነገር ግን መጽሐፉን ከመስጠትዎ በፊት ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ራስዎ ያንብቡት። ልጅዎ ፊልሙን እያየች መሆኑን ነግረውናል። በፊልም ምስሉንም ፍጥነቱንም የሚወስነው ሌላ ሰው ነው፤ ልጅቱ ዐይኗን ለመጨፈን ስታስብ ምስሉ አልፎ ይገኛል። በመጽሐፍ ግን አስፈሪውን ነገር በአእምሮዋ የምትሥለው እርሷ ራሷ ስለሆነች የምትችለውን ያህል ብቻ ትሥላለች፤ ሲከብዳትም ገጹን አጥፋ ታስቀምጠዋለች። እንቅልፏን በተመለከተ እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ፊልሙ ነው።

የባለቤትዎን ሥጋት አናቃልልም። ሆኖም ሰውን በታሪክ ማስፈራራት የባዕድ ልማድ ነው የሚለው ነገር ለጣና ዳር ሰው አይሠራም። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው በመቅደሱ ዙሪያ ከተሣሉት ሥዕሎች መካከል በላዔ ሰብእን ሳያይ አልተመለሰም። 78 ሰው የበላ፣ ለገዛ ቤተሰቡ እንኳ ያልራራ ሰው ታሪክ በአስፈሪነቱ ከየትኛውም የውጭ ድርሰት አያንስም፤ ሥዕሉ ግን ለሕፃን ለዐዋቂው ሲታይ ኖሯል፤ ልጁን «ዐይንህን ጨፍን» የሚል ወላጅም አልገጠመንም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ታሪኩ የሚቋጨው በተበሉት ሰዎች ሳይሆን በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድሃ በተሰጠችው እፍኝ ውሃ ነው። በእርግጥ ያ የእምነት ትምህርት ስለሆነ ከመዝናኛ ልብ ወለድ ጋር በአንድ ሚዛን አናስቀምጠውም። ባለቤትዎ ደጋ እስጢፋኖስ ደርሰው ከሆነ ደግሞ የአፄ ፋሲልን አስከሬን ከመስተዋት ጀርባ አይተው በሰላም ወደ ቤታቸው ተመልሰዋልና፣ በወረቀት ላይ ያለ ሙት ይህን ያህል ሊያሰጋቸው አይገባም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። ብዙ ወላጆች አስፈሪ መጽሐፍን የሚመዝኑት በሚፈሰው ደም ብዛት ነው። እኛ የምናስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ልጅቱ መጽሐፉን ዘግታ ስትነሣ ማንን ትፈራለች? የሌለን ነገር ከፈራች ፍርሃቱ ሲነጋ ይለቃታል። ጎረቤቷን፣ ሕመምተኛውን፣ መልኩ ከሌላው የተለየውን ሰው መፍራት ከጀመረች ግን ያ መጽሐፍ ደም ባይኖርበትም ጎድቷታል። ለዚህ ማስረጃ ለመፈለግ ሩቅ አንሄድም። ከጅብና ከጭራቅ ተረት ጎን ለጎን ሲነገር የኖረው የቡዳ ወሬ በሸክላ ሠሪውና በብረት ቀጥቃጩ ላይ ያደረሰውን መገለል ሁላችንም እናውቃለን። ጭራቅ በሰፈራችን የለም፤ ቡዳ የሚባለው ግን ስምና ቤት፣ ትምህርት ቤት የሚውሉ ልጆችም ያሉት ሰው ነው። ስለዚህ ልጅዎ «የእኛንስ አገር ታሪክ ንገሪኝ» ካለችዎ የጭራቁን ይንገሯት፤ የቡዳውን ይተዉት።

በዚህ መለኪያ ከሁሉ የምናስቀድመው የሜሪ ሼሊን «ፍራንከንስታይን» ነው። (በዚህ ዓምድ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሜሪ ድርሰቱን የጀመረችው በ1816 በስዊዘርላንድ፣ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ነበር። በኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ በ1815 ከፈነዳ በኋላ በቀጣዩ ዓመት የአውሮፓ አየር ንብረት ተዛብቶ፣ ሙቀት በሚጠበቅበት ወቅት ብርዱና ዝናቡ ሰውን ከቤት አላስወጣ አለ። ገጣሚው ሎርድ ባይረን ታዲያ አብረውት ለነበሩት ወዳጆቹ እያንዳንዳቸው አንድ የሙት መንፈስ ታሪክ እንዲጽፉ ሐሳብ አቀረበ። ሜሪ ያን ጊዜ 18 ዓመቷ ነበር፤ ከልጅዎ የምትበልጠው በ4 ዓመት ብቻ ነው። መጽሐፉ በ1818 ሲታተም የደራሲዋ ስም አልነበረበትም።

ታሪኩ ቪክቶር ፍራንከንስታይን የሚባል ወጣት ተማሪ ከሙታን አካል ገጣጥሞ ሕይወት የዘራበት ፍጡር ዐይኑን ሲገልጥ ደንግጦ ጥሎት ስለ መሸሹ ነው። እኛን ከሁሉ የበለጠ የያዘን ግን የመካከሉ ክፍል ነው። ፍጡሩ በአንድ የድሃ ቤተሰብ ጎጆ አጠገብ ባለች ጠባብ መጠለያ ተደብቆ፣ በግድግዳው ስንጥቅ አጮልቆ እያየ መናገርን ይማራል፤ ሌሊት ሌሊት እየወጣም ማንነቱን ሳይገልጥ ማገዶ ይለቅምላቸዋል። በመጨረሻ ድፍረት አግኝቶ ሲገባ ዐይነ ስውሩ ሽማግሌ ድምፁን ብቻ ሰምተው በደግነት ያነጋግሩታል። ልጆቻቸው ሲመለሱ መልኩን አይተው በዱላ ደብድበው ያባርሩታል። ይህን ያነበበች ልጅ ፍጡሩን ትፈራዋለች፤ ታዝንለታለችም። ቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር ቢኖር ፍጡሩ በኋላ ነፍሰ ገዳይ መሆኑና ከሚሞቱት አንዱ ትንሽ ልጅ መሆኑ ነው። የ1818ቱ እንግሊዝኛ ለ14 ዓመት ልጅ ይከብዳልና ለቋንቋ ተማሪዎች ተቃልሎ በተዘጋጀው እትም ትጀምር።

ይህም ረዘመ ካለች የአር. ኤል. ስታይን «ጉዝባምፕስ» አለላት። ከ1992 እስከ 1997 የታተመው የመጀመሪያው ተከታታይ 62 መጻሕፍት አሉት፤ ሁሉም አጫጭር ናቸው፤ ምዕራፎቹ በድንጋጤ ያልቁና ድንጋጤው በቀጣዩ ገጽ ብዙ ጊዜ ከንቱ ሆኖ ይገኛል። ጥልቀት ባንጠብቅባቸውም ለእንግሊዝኛ ልምምድ ጠቃሚ ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የስቲቨን ኪንግ ልብ ወለዶች ገጸ ባሕርያት ብዙ ጊዜ ልጆች ስለሆኑ ወላጆች የልጆች መጽሐፍ ይመስሏቸዋል። አይደሉም። በ1986 የታተመው «ኢት» ለምሳሌ ጀግኖቹ ልጆች ሆነው ሳለ ለልጅ የማይገባ የወሲብ ትዕይንት አለው።

እንቅልፏን በሚመለከት፣ ንባቡ ከትምህርት ቤት መልስ በቀን ብርሃን ይሁን፤ አልጋ ላይ ሌላ መጽሐፍ ትያዝ። አንድ ሁለት ሌሊት «መብራት አታጥፉብኝ» ብትል አይደንግጡ። ፍርሃቱ ሳምንታት ከዘለቀ፣ ብቻዋን ከክፍል ክፍል መሄድ ካቃታት ወይም ትምህርቷ ላይ ካጠላ መጽሐፉን አስቁመው ምን እንደምታስብ በረጋ መንፈስ ይጠይቋት። በቅርብ ዓመታት የተኩስ ድምፅ እየሰማ ያደረ ወይም የቅርብ ሰው የሞተበት ልጅ ደግሞ የሚፈራው የደረሰበትን ነውና፣ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ራሱ ካልጠየቀ በቀር አንመክርለትም።

ጥያቄ፦ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንባብ ክበብ የማስተባብር መምህር ነኝ። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አስፈሪ ታሪክ ካልሆነ አናነብም ብለዋል። ቤተ መጻሕፍታችን እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለውም፤ በጀትም የለንም። ያለ ወጪ የሚገኝና በአንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ምን አለ?

መምህር፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ መምህር፣ ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠሩት አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ አስፈሪ ታሪኮች የቅጂ መብታቸው ስላበቃ «ፕሮጀክት ጉተንበርግ» ከተባለው ነጻ የመጻሕፍት ገጽ ያለ ክፍያ ይወርዳሉ። ፋይሉ አንድ ጊዜ ስልክዎ ላይ ከገባ በኋላ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይነበባል።

ለክበብዎ የምንመርጠው የደብልዩ. ደብልዩ. ጄከብስን «የዝንጀሮው መዳፍ» ነው፤ በ1902 የወጣ አጭር ልብ ወለድ ነው። ከሕንድ የተመለሰ ወታደር ሦስት ምኞት ይፈጽማል የተባለ የደረቀ የዝንጀሮ መዳፍ ይዞ ወደ አንድ ቤተሰብ ይመጣል። አባትዬው ሳያምንበት 200 ፓውንድ ይመኛል። በማግሥቱ ገንዘቡ ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ልጃቸው በሚሠራበት ፋብሪካ ማሽን ይዞት በመሞቱ የተላከ ካሣ ሆኖ ነው። ከዚያ እናቲቱ ሁለተኛውን ምኞት እንዲመኝ ባሏን ታስገድደዋለች፤ ሌሊት ላይም በር ይንኳኳል። ደራሲው የሚያንኳኳውን አንድም ጊዜ አያሳየንም፤ እናቲቱ ከፍታው ያልደረሰችበትን የበሩን መወርወሪያ ለማውረድ ወንበር ስትጎትት፣ አባትዬው በጨለማ ወለሉን እየዳበሰ መዳፉን ሲፈልግ ብቻ እናያለን።

ይህን ክፍል ጮክ ብለው ሲያነቡ ማንኳኳቱ ላይ ያቁሙና መጽሐፉን ይዝጉ። ተማሪዎቹ መጨረሻውን በአማርኛ ጽፈው ለሚቀጥለው ሳምንት ያምጡ፤ የጄከብስን መጨረሻ የሚሰሙት የራሳቸውን ካነበቡ በኋላ ይሁን። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ከከበዳቸው እየተረጎሙ ይንገሯቸው፤ የቃላት ትምህርት ካደረጉት ፍርሃቱ ይበርዳል።

ሁለተኛው የኤድጋር አለን ፖ «ዘ ቴል ቴል ሃርት» ነው፤ በ1843 የታተመ፣ ጥቂት ገጽ ብቻ ያለው። ነፍሰ ገዳዩ ራሱ ይተርካል፤ አለማበዱን ሊያስረዳ በጣረ ቁጥር ማበዱ እየጎላ ይሄዳል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ተነቦ ለውይይት ጊዜ ይተርፋል። ግድያው በግልጽ ስለሚነገር ለ9ኛ ክፍል ከማንበብዎ በፊት ተማሪዎችዎን ይመዝኑ።

ተማሪዎቹ የራሳቸውን ታሪክ ሲጽፉ ደግሞ የፈረንጅ ግንብና የሌሊት ወፍ እንዳይዋሱ ይጠይቋቸው። ጣና ለዚህ ሥራ የጎደለው ነገር የለም። ጀንበር ስትጠልቅ ነፋስ የሚያነሣው ማዕበል አለ፤ በደንገል ታንኳ ብቻውን የዘገየ ዓሣ አጥማጅ አለ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ከውኃ ብቅ የሚል ጉማሬ አለ። እምቦጭማ ሳይጨመርበትም አስፈሪ ነው፤ ማታ ክፍት የነበረ ውኃ ነፋስ ሲገፋው አድሮ ጠዋት አረንጓዴ ሆኖ ሲገኝ ያየ የሐይቁ ዳር ልጅ ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። ያላየሁት ሆረር ፊልም የለም ማለት ይቻላል። መጽሐፍ ግን አያስፈራኝም፤ ቶሎ ይሰለቸኛል። የሚያስፈራኝ መጽሐፍ ካለ ንገሩኝ።

ከጣና ክፍለ ከተማ

መልስ፦ «ያላየሁት የለም» ማለትህን አናምንህም፤ ግን እንሞክርህ። የብራም ስቶከርን «ድራኩላ» ውሰድ፤ በ1897 የታተመ ነው። ከመጀመሪያው አትጀምር። ምዕራፍ 7ን ክፈትና ዲሜትር የተባለችውን መርከብ የካፒቴኑን መዝገብ ብቻ አንብብ። መርከበኞቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ካፒቴኑ ቀን እየቆጠረ በአጭር በአጭሩ ይመዘግባል፤ በመጨረሻም እጁን ከመሪው ጋር አስሮ ይቀራል። ማን እንደሚያጠፋቸው መዝገቡ ላይ በግልጽ አታገኝም። ይህ ከያዘህ ወደ ምዕራፍ 1 ተመለስ፤ መጽሐፉ በሙሉ በማስታወሻ፣ በደብዳቤና በጋዜጣ ቁራጭ የተሠራ ስለሆነ እየከፋፈልህ ለማንበብ ይመቻል።

27 ምዕራፍ ከበዛብህ በ1886 የወጣውን የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን «ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ» አስቀድም፤ 10 አጫጭር ምዕራፎች ብቻ ናቸው። ሃይድን ያዩት ሰዎች ሁሉ ፊቱ ላይ አንዳች ክፉ ነገር እንዳለ ይናገራሉ፤ ምን እንደሆነ ግን አንዳቸውም መግለጽ አይችሉም። ፊልም ሠሪ ፊቱን ማሳየት ግድ ይሆንበታል፤ ስቲቨንሰን አልተገደደም። የዚህን ታሪክ ምሥጢር ከፊልም የምታውቀው ከሆነም ጠበቃው አተርሰን ከየትኛው ምዕራፍ ጀምሮ መጠርጠር እንደነበረበት እየፈለግህ አንብበው፤ ያገኘኸውንም ጽፈህ ላክልን።