ከዎከር ምድር ቤት፦ ስለ ተማሪዎች ሬዲዮ ለጠየቃችሁኝ

ደብልዩ ኤም ቢ አር የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ሬዲዮ ነው። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኬምብሪጅ ውስጥ በኤፍ ኤም 88.1 ይሰማል። እኔ እዚያ በበጎ ፈቃድ ከሚሠሩት አንዱ ነኝ። ስለ ጣቢያው ታሪክም ሆነ ስለ አሠራሩ የምትፈልጉትን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄዎቹ ጎርፈዋል። የምችለውን ያህል እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ መጨረሻ ላይ ካለው የኢትዮጵያ አዋጅ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጣቢያው መቼ ተጀመረ? ያን ጊዜ ተማሪ ማሰራጫ ከየት ያመጣል?

በ1946 ነው የተጀመረው። ስሙም ያኔ ደብልዩ ኤም አይ ቲ ነበር። ማማ የለ፣ ትልቅ አንቴና የለ። ድምፁ የሚሄደው በዶርሞቹ የኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ ነበር። ደካማ የኤ ኤም ሞገድ ወደ ሕንፃው የመብራት መስመር ይለቁበታል፤ ሬዲዮህን መስመሩ አጠገብ ከከፈትክ ትሰማለህ። ከግቢው ወጥተህ መንገዱን ከተሻገርክ ግን የለም።

ዘዴው ከኤም አይ ቲ አልመነጨም። በ1936 ብራውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆርጅ አብርሃምና ዴቪድ ቦርስት የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች ዶርሞችን በሽቦ አገናኝተው ነበር። የአሜሪካ የኮሌጅ ሬዲዮ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከእነሱ ይጀመራል። በ1940 የየግቢው ጣቢያዎች የጋራ ማኅበር አቋቋሙ። ኤም አይ ቲ ደግሞ የመሐንዲሶች ግቢ ነውና ብየዳውም ሽቦ ዝርጋታውም ለተማሪው ጨዋታ ነበር።

በ1961 ጣቢያው ኤፍ ኤም ላይ ወጣ። ጉልበቱ 10 ዋት ብቻ ነበር። ስሙም ደብልዩ ቲ ቢ ኤስ ሆነ።

ጥያቄ፦ ቴድ ተርነር የጣቢያውን ስም ገዛው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው ወይስ የግቢ ወሬ?

እውነት ነው! እኔ ከጣቢያው ታሪክ ሁሉ ይሄን ነው የምወደው።

መጀመሪያ ችግሩን ላስረዳ። በ1978 የአሜሪካን ሬዲዮ የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አዲስ ደንብ አወጣ። 10 ዋት ያላቸው ጣቢያዎች ወይ ቢያንስ ወደ 100 ዋት ያድጋሉ፣ ወይ ከሌላ ጣቢያ ጣልቃ ገብነት የሚጠብቃቸውን ከለላ ያጣሉ። ይህ ማለት ትልቅ ጣቢያ መጥቶ ቦታህን ቢወስድ አቤት የምትልበት የለህም። የተማሪ ጣቢያ ደግሞ አዲስ ማሰራጫ መግዣ ገንዘብ ከየት ያመጣል?

በዚያው ሰሞን የአትላንታው የቴሌቪዥን ባለሀብት ቴድ ተርነር የራሱን የቴሌቪዥን ጣቢያ በሳተላይት ወደ መላ አሜሪካ መላክ ጀምሮ ነበር። ድርጅቱን በራሱ ስም ተርነር ብሮድካስቲንግ ሲስተም ሊለው ፈለገ። የጣቢያው መጠሪያም ደብልዩ ቲ ቢ ኤስ እንዲሆን ፈለገ። ስሙ ግን ኬምብሪጅ ውስጥ ባሉ ተማሪዎች እጅ ነው። መጠሪያ ፊደል መሸጥ ስለማይፈቀድ ጉዳዩ በስጦታ መልክ ተጨረሰ። 25 ሺህ ዶላር ሰጠ። ኮሚሽኑ የስም ለውጡን ሲያጸድቅለት ሌላ 25 ሺህ ጨመረ። በ1979 ነው ይህ የሆነው።

ተማሪዎቹ ገንዘቡን ለአዲስ ማሰራጫ አዋሉት። አዲሱን ስም ደግሞ ካሉበት ቦታ ወሰዱት፦ ዎከር ሜሞሪያል ምድር ቤት ሬዲዮ። ደብልዩ ኤም ቢ አር የእንግሊዝኛው ስም፣ የ"ዎከር ሜሞሪያል ቤዝመንት ሬዲዮ"፣ መነሻ ፊደላት ናቸው። ስቱዲዮው በኤም አይ ቲ ፕሬዚዳንት ፍራንሲስ ዎከር ስም የተሰየመው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ አሁን ስንት ዋት ነው? የት የት ይሰማል?

720 ዋት። ኬምብሪጅንና ቦስተንን፣ ዙሪያቸውንም ይሸፍናል። ኤፍ ኤም ላይ ከዋቱ ይልቅ ዋናው የአንቴናው ከፍታ ነው፤ ኮረብታና ፎቅ ከጋረደህ ብዙ ዋትም አያድንህም። ውጭ አገር ያላችሁ በኢንተርኔት ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቱ ማን ነው? ዩኒቨርሲቲው አንድ ቀን ተነስቶ ልዝጋው ቢልስ?

ይሄን የጠየቅሽው እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰው የሚጠይቀው ስለ ሙዚቃው ነው። የጣቢያ ዕድሜ ግን የሚወሰነው የማሰራጫ ፈቃዱ ላይ በሰፈረው ስም ነው።

የእኛ ፈቃድ ቴክኖሎጂ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ስም ነው። ቤቱ የዩኒቨርሲቲው ነው፣ ሞገዱ ግን የዚህ ድርጅት።

ይሄ ለምን ያስጨንቀናል መሰላችሁ? ሂዩስተን ያለው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ኬ ቲ አር ዩ የሚባል 50 ሺህ ዋት ያለው የተማሪዎች ጣቢያ ነበረው። ፈቃዱ በዩኒቨርሲቲው እጅ ነበር። በ2010 ለሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ሊሸጥ ተስማሙ። ተማሪዎቹ ወሬውን የሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ለፍተው ያሳደጉት ጣቢያ እንደ ዕቃ ተሸጠ። ይህ እኔን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ተስፋ ስላልቆረጡ በ2015 በአነስተኛ ጉልበት በ96.1 ተመልሰዋል።

የተለየ ድርጅት ማቋቋም ብቻውን አያድንም ታዲያ። ናሽቪል ያለው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጣቢያ ደብልዩ አር ቪ ዩ ፈቃዱ በተለየ ድርጅት ስር ነበር። በ2011 ግን የድርጅቱ ቦርድ ራሱ ለከተማው የሕዝብ ሬዲዮ በ3.35 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ወሰነ። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ፈቃዱ በማን ስም ነው? ቦርዱ ላይ ማን ተቀምጧል?

ጥያቄ፦ ደመወዝ አለ? ገንዘቡስ ከየት ነው?

ደመወዝ የለም። ሁሉም በበጎ ፈቃድ ነው፤ ተማሪው፣ የግቢው ሠራተኛ፣ ተመራቂው፣ የሰፈሩም ሰው። የተማሪ ሬዲዮ ውስጥ የሰፈር ሰው ምን ይሠራል ለምትሉ፦ ተማሪ በአራት ዓመት ይመረቃል። ዕውቀቱን ለተከታዩ የሚያቀብለው ቀሪው ሰው ነው።

ማስታወቂያ አናቀርብም። ፈቃዳችን የንግድ አይደለም። ደጋፊ ድርጅት ካለ ስሙንና የሚሠራውን መጥቀስ ይቻላል። ዋጋ መጥራት፣ "ከሁሉ የተሻለ" ማለት፣ "መጥታችሁ ግዙ" ማለት ክልክል ነው። አብዛኛው ወጪ የሚሸፈነው አድማጭ በሚያዋጣው ገንዘብ ነው። ለዚህም በየዓመቱ ኅዳር አካባቢ አንድ ሳምንት ሙሉ አየር ላይ ሆነን እንለምናለን።

ጥያቄ፦ አንድ ፍሬሽ ተማሪ ምንም ሳያውቅ መጥቶ አየር ላይ መውጣት ይችላል?

ይችላል፣ ግን ይሰለጥናል። መጀመሪያ ከአንድ ነባር አቅራቢ ጎን ተቀምጦ ያያል። ሚክሰሩን፣ ማይኩን፣ የሰዓት መዝገቡን ይለምዳል። የተጫወተ ዘፈን ሁሉ ይመዘገባል፤ ለባለመብቶች የሚከፈለው በዚያ ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሸክላ ማጫወቱን ነው። መርፌውን ታስቀምጥና የዘፈኑን የመጀመሪያ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ትፈልጋለህ። ስታገኘው ሸክላውን በጣትህ ወደ ኋላ ሩብ ዙር ያህል ትመልሰዋለህ። ይህ ሞተሩ ፍጥነቱን እስኪያገኝ የሚሰጥህ ዕድል ነው። ካልመለስክ ዘፈኑ እያቃሰተ ይነሳል፤ አብዝተህ ከመለስክ ደግሞ ዝም ያለ አየር ትለቃለህ። ከተወሰነ ልምምድ በኋላ ጣትህ ራሱ ያውቀዋል።

የሸክላ ሽፋኖቹን ማንበብ ደግሞ ሌላ ደስታ ነው። በኮሌጅ ሬዲዮ ልማድ አቅራቢዎች ሽፋኑ ላይ በተለጠፈ ወረቀት አስተያየት ይጽፋሉ። አንዱ "ሁለተኛው ዘፈን ግሩም" ይላል፣ ሌላው ከስሩ "አይደለም!" ብሎ ይመልስለታል። ተጨቃጫቂዎቹ ተመርቀው ከሄዱ ስንት ዘመናቸው!

ጥያቄ፦ ስድብ ያለበት ዘፈን ማጫወት ይቻላል?

ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 4 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ጸያፍ ቃል ክልክል ነው። ሽፋኑ ላይ የትኛው ዘፈን እንደሆነ ምልክት የሚደረገው ለዚህ ነው። በየሰዓቱ መጠሪያችንንና የከተማችንን ስም መናገርም ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ሃርቫርድም እዚያው ሰፈር አይደል? ምን ያለያያችኋል?

አዎ፣ ደብልዩ ኤች አር ቢ፣ በ95.3። እነሱ የጀመሩት በ1940 ነው። ፈቃዳቸው የንግድ ስለሆነ ማስታወቂያ ይሸጣሉ። ክላሲካልና ጃዝ ላይ ያተኩራሉ። ፈተና ሲደርስ የአንድ አቀናባሪን ወይም የአንድ ሙዚቀኛን ሥራ ሳያቋርጡ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ያሰማሉ፤ "ኦርጂ" ይሉታል። በጣም ነው የማከብራቸው፤ ይሄን ፕሮግራማቸውን እኔም እከታተላለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ዘመን ሁሉም በስልኩ የፈለገውን ይሰማል። ማን ሬዲዮ ይከፍታል?

የሚከፍት አለ፤ ስቱዲዮው ስልክ ሲጮህ ስለማነሳ አውቃለሁ። ስልክህ የሚያጫውትህ ትናንት የወደድከውን የሚመስል ነው። አንድ ተማሪ ግን ሌሊት ቁጭ ብሎ ከወደደው የማሊ ዘፈን ቀጥሎ የሰፈር ፓንክ (ፈጣንና ጯሂ ሮክ) ባንድ ያስከትልልሃል። ለምን እንዳስከተለው ደግሞ በራሱ አፍ ይነግርሃል። በ1977 የተጀመረው "ሌት ራይዘርስ ክለብ" የተባለው የጠዋት ፕሮግራማችን ፓንክን ገና ብዙ ጣቢያ ሳይነካው አየር ላይ ያወጣ ነበር። ያመለጣችሁም እንዳትቆጩ፣ ፕሮግራሞቹ ለሁለት ሳምንት ኢንተርኔት ላይ ይቆያሉ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነኝ። እኛም ግቢያችን ውስጥ መጀመር እንፈልጋለን። ከየት እንነሳ?

አይዟችሁ፣ ይቻላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኤፍ ኤም 99.4 የማኅበረሰብ ሬዲዮ አለው፣ ሄዳችሁ እዩት። ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። በ2013 ዓ.ም. (ይሄኛው ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) የወጣውን የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 አግኝታችሁ የማኅበረሰብ ብሮድካስትን የሚመለከተውን ክፍል አንብቡት።

ፈቃዱ እስኪመጣ ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። በኢንተርኔት ወይም በካፌው ድምፅ ማጉያ ጀምሩ። ሰው ሳይጎድል በሳምንት ሁለት ቀን ለአንድ ሴሚስተር ማሰራጨት ከቻላችሁ ጣቢያ አላችሁ ማለት ነው። ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ፦ ቁልፉ በማን እጅ ይቀመጣል፣ ኃላፊው በስንት ጊዜ ይመረጣል፣ ተመራቂ ጂሲዎቹ ሲወጡ ማን ይተካል፣ ዕቃውስ የማን ነው? ደንቡን ስትጨርሱ ላኩልኝ፣ አንብቤ የታየኝን እጽፍላችኋለሁ።