ለሲሙሌተር ኤስኤስዲ ልትገዛ ነው? ከፍጥነቱ በፊት ውስጡን እይ

ጥያቄህ በደንብ ከገባኝ፣ ለበረራ ሲሙሌተር ኮምፒውተርህ በሰከንድ 7000 ሜጋባይት የሚያነበውን 1 ቴራ ኤስኤስዲ ልግዛ ወይስ በተቀራራቢ ዋጋ 3500 የሚያነበውን 2 ቴራ ነው። ወንድሜ፣ 2 ቴራውን ግዛ። እዚህ ላይ ማብቃት እችል ነበር። ግን 2 ቴራ ተብለው ከሚሸጡት መሀል እኔን ጉድ የሠራኝ ዓይነት አለና ትንሽ ታገሠኝ።

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ዲስክ ሳይኖረው በቺፕ የሚሠራ ፈጣን ማከማቻ መሆኑን ታውቀዋለህ። አሁን በሃርድ ዲስክ እየበረርክ እንደሆነም እገምታለሁ። እኔም በረራ ጀምር የሚለውን ተጭኜ፣ ሌላ ሥራ ሠርቼ የምመለስ ሰው ነበርኩ።

1. ፍጥነቱ ላይ ብዙ አትጨነቅ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲነበብ የሚገኝ ነው። ሲሙ (ሲሙሌተሩ) ግን ትናንሽ ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም እየለቃቀመ ነው የሚያነበው፣ ያነበበውን ደግሞ ፕሮሰሰሩ ፈታትቶ ማዘጋጀት አለበት። ስለዚህ ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ ስትሻገር ልዩነቱ ያስደነግጥሃል። ከሳታ ኤስኤስዲ (በአሮጌው የዲስክ ማገናኛ የሚሠራው፣ ጣሪያው 550 አካባቢ ነው) ወደ ኤንቪኤምኢ (በፈጣኑ ፒሲአይኢ መስመር የሚሠራው) ስትሄድም የተወሰነ ታያለህ። ከ3500 ወደ 7000 ግን ሰዓት ይዘህ ካልለካህ በቀር አይታወቅህም። ማዘርቦርድህ 3ኛው የፒሲአይኢ ትውልድ ከሆነ ደግሞ 7000ውን ብትገዛም 3500 አካባቢ ላይ ይቆማል። 5ኛውን ትውልድ ግዛ የሚሉህም ይኖራሉ። እሱ ከ10000 በላይ ያነባል፣ እውነት ነው፣ ግን ይግላል፣ ጥሩ ሂትሲንክም (ሙቀት የሚያወጣ ብረት) ይፈልጋል፣ ሲሙ ደግሞ ያን ሁሉ ፍጥነት አይጠቀምበትም። ፍሬም (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) ይጨምርልኛል ብለህ ከሆነም እርሳው። ፍሬም የፕሮሰሰርና የግራፊክስ ካርድ ጉዳይ ነው። ትልቅ ኤርፖርት ላይ ልታርፍ ስትል ምስሉ የሚቆራረጠው አብዛኛውን ጊዜ በዲስኩ ምክንያት አይደለም።

2. ቦታ። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2020 ሲጀመር 150 ጊጋ ነው የሚጠይቅህ። የ2024ቱ 50 ብቻ ይላል፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ነገር እየበረርክ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ሌላው ሲም ኤክስ ፕሌን 12 ራሱ ብዙም አይከብድም፤ የሳተላይት ፎቶ መሬት ኦርቶ ፎር ኤክስፒ በሚባለው ፕሮግራም መሥራት ስትጀምር ነው ጉዱ። አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ የሆነች ካሬ ብቻዋን ብዙ ጊጋ ትበላለች፣ አንድ አገር ልሸፍን ካልክ ቁጥሩን ራስህ አስላው። 1 ቴራ ብለው የሸጡልህን ዊንዶውስ 931 ብሎ ነው የሚያሳይህ። ከዚያ ላይ 15 በመቶ ያህል ባዶ ካልተውክ ድራይቩ መዘግየት ይጀምራል። ቀረህ 790 ገደማ። ለዚህ ነው 2 ቴራ ያልኩህ።

3. ዋናው ነገር ውስጡ ያለው ቺፕ ነው። ቲኤልሲ የሚባለው በአንድ ሴል 3 ቢት ይይዛል፣ ኪውኤልሲ 4። ኪውኤልሲው ስለሚረክስ በብዛት ይሠሩታል፣ ግን ሲጻፍበት ዘገምተኛ ነው። ዘገምተኝነቱን የሚሸፍነው ፊት ለፊት ባለ ፈጣን ካሽ (ጊዜያዊ ማቆያ) ነው፤ ዕቃ በረንዳ ላይ እንደማራገፍ በለው፣ በረንዳው እስኪሞላ ማንም ምንም አይታወቀውም። ከሞላ በኋላ ግን አንዳንዱ ኪውኤልሲ በሰከንድ 100 ሜጋባይት እንኳን አይደርስም። ከሃርድ ዲስክህ ያነሰ ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ ከመግዛቴ በፊት አውቀው ነበር። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ግምገማዎቹን አነበብኩ፣ ሠንጠረዦቹን አየሁ፣ ሞዴሉ ቲኤልሲ ነው ተባለ፣ የሻጩ ገጽም ቲኤልሲ ይላል። ገዛሁት። አሮጌው ሳታ ኤስኤስዲ ላይ የነበረውን የኤክስ ፕሌን መሬቴን መገልበጥ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ ጥሩ ሄደ፣ ትንሽ ቆይቶ ወረደ፣ ከዚያ ቀጥ ሊል ምንም አልቀረውም። ሙቀት ይሆናል ብዬ ለካሁ፣ ደህና ነው። ስሎት ቀየርኩ፣ ያው ነው። በመጨረሻ የቺፑን ማንነት በምታነብ አንዲት ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ስከፍተው ኪውኤልሲ! ተቆጣጣሪ ቺፑም ሌላ። ስሙ ያው፣ ካርቶኑ ያው፣ ሞዴል ቁጥሩ ያው። ለካ አምራቾች መጀመሪያ ጥሩውን ለገምጋሚዎች ሰጥተው፣ ስም ካወጣ በኋላ ውስጡን በርካሽ የሚቀይሩበት ጊዜ አለ። «መግለጫው ያለማስታወቂያ ሊቀየር ይችላል» የምትል ጥቃቅን ጽሑፍ አለቻቸው፣ በሷ ነው የሚያመልጡት።

ወደ ሻጩ የዋስትና ክፍል ሄድኩ። ልጁ ሰካው፣ «ጤናው 100 ይላል፣ ይሠራል» ብሎ መለሰልኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ይሠራል አይሠራም አላልኩም፣ የሸጣችሁልኝ ሌላ ነው እኮ ነው የምለው አልኩት። «ለጌም ነው አይደል? ለጌም ይበቃል» አለኝ። አንጀቴ አረረ። ለጌም ቢሆንስ? ለምን እንደምጠቀምበት አስረድቼ ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ እንዴ? አምራቹ ጋ ስጽፍ ደግሞ የፍጥነቱ ቁጥር «እስከ» የሚል ቃል እንዳለበት በትሕትና አስታወሱኝ።

እኔም ፍንክች አላልኩም። የገዛሁ ዕለት የሻጩን ገጽ ስክሪንሾት አድርጌ ነበር፣ ቲኤልሲ የሚለው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያንን፣ የፕሮግራሟን ውጤትና ደረሰኙን አትሜ አለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ስለ ፍጥነት አንድ ቃል አልተናገርኩም፣ የጻፋችሁት ይሄ፣ የሰጣችሁኝ ይሄ አልኩት፣ በቃ። ትንሽ አጉረመረመና ሌላ ሞዴል ቀየረልኝ። ዛሬም የምበረው በእሱ ነው። ያ የዋስትና ልጅ ቀና ብሎም አላየኝም።

4. እንግዲህ ሥራህ ይሄ ነው። የምርቱን ገጽ ስክሪንሾት ሳትይዝ እንዳትከፍል። እንደመጣ ሲሙን ከመጫንህ በፊት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው የዲስክ መመርመሪያ ፕሮግራም ላይ ክፈተው። አዲስ የተባለ ዕቃ ብዙ የሥራ ሰዓትና ብዙ የተጻፈ ቴራ ካሳየ አዲስ አይደለም፣ መልሰው። ከዚያ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በምትባለው ነጻ ፕሮግራም ጠርዙ ድረስ ሙላው። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው፤ 2 ቴራ ተብሎ የመጣው በእርግጥ 2 ቴራ መሆኑን ታረጋግጣለች፣ ካሹ ሲያልቅ ፍጥነቱ የት ድረስ እንደሚወርድም ታየዋለህ። 5 ጊጋ ገልብጦ «ይበራል» ማለት ምንም አይነግርህም። ይሄን ሁሉ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ አድርገው፣ ካለፈ በኋላ የሚሰማህ የለም።

ኪውኤልሲን ግን እየረገምኩ አይደለም። አንዴ ተጽፎ ሁልጊዜ ለሚነበብ መሬት ይሆናል፣ ኪውኤልሲ ተብሎ በኪውኤልሲ ዋጋ ከተሸጠ። ዊንዶውስና ዋናው ሲም ግን ቲኤልሲ ላይ ይሁኑ። ዲራም (የራሱ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ያለው ከሆነ እሰየው፣ ከሌለው ደግሞ ኤንቪኤምኢ ከኮምፒውተሩ ራም ትንሽ ተበድሮ ይሠራል፣ ለሲም ብዙ አይጎዳም። ሳታው ግን መበደር አይችልም፣ ሳታ ከሆነ ዲራም የሌለውን አትንካ።

5. ማዘርቦርድ። ኤም.2 ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ቀጭን ኤስኤስዲ የቅርጹ ስም ነው፣ የፍጥነቱ አይደለም። ሳታ የሆነ ኤም.2ም አለ፣ አንዳንዱ ስሎት አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው። ማንዋሉን ክፈት። አንዳንድ ቦርድ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ኤም.2 ሲያዝ ከሳታ ፖርቶቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ይዘጋሉ፣ ሰዉ ሃርድ ዲስኬ ሞተ ብሎ ይጮኻል። ግራፊክስ ካርዱ ሥር ያለው ስሎት ሞቃት ነው፣ ሌላ ካለህ እሱን ምረጥ።

6. ያልቅብኛል ብለህ አትፍራ። የጥሩ 1 ቴራ ቲኤልሲ ዋስትና ብዙውን ጊዜ 600 ቴራ መጻፍን ይሸፍናል። በየቀኑ 50 ጊጋ ብትጽፍበት በዓመት 18 ቴራ ገደማ ነው፣ ከ30 ዓመት በላይ ይወስድብሃል። እንዲያውም የማይክሮሶፍቱን ሮሊንግ ካሽ (ያወረደውን መሬት ዲስክ ላይ የሚያቆይበትን ቦታ) ከፍ አድርገው፣ ደጋግመህ የምትበርበትን አካባቢ በየጊዜው ከማውረድ ያድንሃል፣ በተለይ ኢንተርኔትህ እንደኔ ከሆነ። ዲፍራግ (የተበታተኑ ፋይሎችን መልሶ መደርደር) ግን እንዳታደርገው፣ ለኤስኤስዲ ጥቅም የለውም።

የማዘርቦርድህን ሞዴልና ያየሃቸውን ድራይቮች ሙሉ ሞዴል ቁጥር እዚሁ ጻፍልኝ። «2 ቴራ የሆነው» ብቻ አትበለኝ፣ በአንድ ስም ሦስት ዓይነት አለ።