ኬብሉን ስሰካ ኢንተርኔቱ ይጠፋል

ጥያቄው የመጣልኝ ከአዳማ ነው። ጠያቂዋ በአንድ የግንባታ ዕቃዎች መደብር የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። «የሒሳብ ፕሮግራሙ ያለበት ሰርቨርና ፕሪንተሩ በኬብል ነው የሚገኙት፤ በዚያ መስመር ኢንተርኔት የለም። ኢንተርኔት የምናገኘው በዋይፋይ ነው። ኬብሉን ስሰካ ኢንተርኔቱ ይጠፋል፣ ስነቅለው ሰርቨሩ ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ ስሰካና ስነቅል እውላለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም አይቻልም ወይ?» ይላሉ።

ይቻላል። ዕቃ መግዛትም አያስፈልግዎትም። ላፕቶፕዎ ለኬብሉና ለዋይፋዩ የተለያየ ካርድ አለው፤ ዊንዶውስም ሁለቱን ባንዴ ይይዛል። ሁለቱም ኔትወርኮች በኬብል ቢሆኑ ኖሮ፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ አንድ የኔትወርክ ካርድ ይበቃዎት ነበር።

የላኩልኝን የስክሪን ፎቶ አየሁት። በኬብሉ በኩል አድራሻዎ 192.168.1.45፣ ጌትዌዩ (መውጫ በሩ) 192.168.1.1 ነው። በዋይፋዩ በኩል ደግሞ 192.168.1.104፣ ጌትዌዩ አሁንም 192.168.1.1። ችግሩ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው የቁጥር መመሳሰል ነው። ሁለት ቀበሌዎች አሉ እንበል፤ በሁለቱም የቤት ቁጥር 10 አለ። ዕቃ የሚያደርሰውን ልጅ «ቤት ቁጥር 10 አድርስ» ብለው ቀበሌውን ካልነገሩት የት ይሂድ? ሰርቨርዎ 192.168.1.10 ነው። ኮምፒውተሩ በ192.168.1 የሚጀምር ሰፈር በኬብሉም በኩል አለ፣ በዋይፋዩም በኩል አለ። አንዱን ይመርጣል፤ ሲሳሳት ሰርቨሩ ይጠፋል። ይህ ብዙ ቢሮ ውስጥ ያጋጥማል፤ ምክንያቱም ብዙ ራውተሮች ከፋብሪካ የሚወጡት 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ተሞልቶባቸው ነው።

ሁለተኛው የበር ጉዳይ ነው። ጌትዌይ በር ማለት ነው። የሚፈለገው አድራሻ ከሰፈሩ ውጭ ከሆነ ኮምፒውተሩ በዚያ በር ያወጣዋል። አሁን ሁለት በር አለዎት። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ሜትሪክ የሚባል ቁጥር ይሰጣል፤ ትንሹን ቁጥር የያዘው ይቀድማል። ብዙውን ጊዜ ትንሹ ቁጥር የሚደርሰው ኬብሉን ነው። ስለዚህ ኬብሉ ሲሰካ የኢንተርኔቱ ጥያቄ ሁሉ በኬብሉ በር ይወጣል። ከበሩ ማዶ ግን መንገድ የለም።

ወደ ማስተካከያው ከመግባታችን በፊት ግን ባለቤቱን ያስፈቅዱ። ይህን ለደንብ ያህል አይደለም የምለው። የሒሳቡ መስመር ኢንተርኔት የሌለው ምናልባት ሆን ተብሎ ይሆናል። የእርስዎ ላፕቶፕ ሁለቱንም ሲይዝ፣ በኢሜይል የገባ ቫይረስ ከላፕቶፑ ወደ ሰርቨሩ የሚሄድበት መንገድ ያገኛል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የስንት ዓመት ሒሳብ ሲያጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ቢፈቀድልዎም የሒሳቡን ኮፒ ከኮምፒውተር ተነቅሎ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ላይ በየጊዜው ይያዙ። እባክዎ ይህን አይዝለሉት።

ከተፈቀደልዎ በዋይፋይ ራውተሩ ይጀምሩ። የሰርቨሩን አድራሻ አይንኩ። እሱን ከቀየሩ የሌሎቹን ኮምፒውተሮች ፕሮግራም ሁሉ ሊያስተካክሉ ነው። በዋይፋዩ ላይ ያሉት ግን ስልኮችና ላፕቶፖች ናቸው፤ አድራሻ በራሳቸው ይወስዳሉ። ኬብሉን ይንቀሉ፣ በብራውዘር ወደ ራውተሩ ይግቡ፣ የላን (የውስጥ ኔትወርኩን) ሰቲንግ ይክፈቱና 192.168.1.1 የሚለውን 192.168.50.1 ያድርጉት። ማስኩ፣ ማለትም የሰፈሩን ስፋት የሚወስነው ቁጥር፣ 255.255.255.0 እንደሆነ ይቆይ። ራውተሩ ለስልኮች የሚያድለው አድራሻም በ192.168.50 መጀመሩን ይዩ፤ አንዳንዱ ራሱ ይቀይረዋል፣ አንዳንዱ በእጅ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ወደ ራውተሩ የሚገቡት በአዲሱ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ኬብሉን ይሰኩ። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ የኔትወርክ ካርዶቹን ዝርዝር ይክፈቱ፣ የኬብሉን ካርድ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ አይፒ ቨርዥን 4 የሚለውን። አድራሻውን በእጅ ይሙሉ፤ ማስኩ ያው 255.255.255.0። የጌትዌዩን ቦታ ባዶ ይተዉት። ዋናው ሥራ ይኼ ነው። የዲኤንኤሱንም (ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠውን) ቦታ ባዶ ይተዉ። አድራሻውን ግን ኔትወርኩን የዘረጋውን ሰው ጠይቀው ይምረጡ። በግምት ከሞሉት አንድ ቀን ለሌላ ኮምፒውተር ይታደልና ሁለታችሁም ትቋረጣላችሁ። ወደ ሰርቨሩ የሚገቡት በዶሜይን አካውንት (ድርጅቱ ከአንድ ማዕከል በሚያስተዳድረው የመግቢያ ስም) ከሆነ ደግሞ ዲኤንኤሱን ራስዎ አይንኩት፤ ለአስተዳዳሪው ይንገሩ።

ከኬብሉ ጎን «አንአይደንቲፋይድ ኔትወርክ» የሚል ጽሑፍ ቢመጣ አይደንግጡ። በር ስለሌለው ነው፤ ወደ ሰርቨሩ መግባትዎን አይከለክልም። ነገር ግን ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን ኔትወርክ እንደ ፐብሊክ ስለሚቆጥረው፣ የሥራ ባልደረቦችዎ ከእርስዎ ላፕቶፕ ፎልደር የሚከፍቱ ከሆነ ፋየርዎሉ ሊያግዳቸው ይችላል።

ሁለቱን ካርዶች መርጠው «ብሪጅ ኮኔክሽንስ» የሚለውን በፍጹም አይጫኑ። ስሙ ያገናኛል የሚል ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሞክረዋል። ያኔ ሁለቱ ኔትወርኮች ወደ አንድ ይቀላቀላሉ። አንድ ደንበኛዬ ቢሮ ሁለት ኬብል በዚህ መንገድ ተቀላቅሎ፣ ግማሹ ኮምፒውተር አድራሻ የወሰደው ከማይመለከተው ራውተር ነበር። መነሻውን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

አሁን ይሞክሩት። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ይክፈቱና 192.168.1.10ን ፒንግ ያድርጉ (ping ብለው ቁጥሩን ይጻፉ፤ አድራሻው መልስ ይሰጥ እንደሆነ ያያል)፣ ቀጥሎ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የጉግል አድራሻ 8.8.8.8ን። ሁለቱም ከመለሱ ጨርሰዋል። ሰርቨሩ ፒንግ እየመለሰ ፕሮግራሙ ካልከፈተ፣ ፕሮግራሙ ሰርቨሩን የሚፈልገው በስም ሊሆን ይችላል፤ በስሙ ፋንታ ቁጥሩን ያስገቡለት።

የሚቀረው አንድ ነው። ኬብሉ ሲሰካ ዋይፋዩ ጭራሽ የሚዘጋ ከሆነ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይረዳዎትም። መጀመሪያ ዋይፋዩን በእጅዎ ያገናኙት። እንቢ ካለና ላፕቶፕዎ ኤችፒ ከሆነ ባዮሱ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ሰቲንግ) ውስጥ ይግቡ። በአንዳንዶቹ ላይ ኬብል ሲገባ ዋይፋይን የሚያጠፋ «ላን ደብሊውላን ኦቶ ስዊቺንግ» የሚል ምርጫ አለ፤ ምልክቱን ያንሱና ሴቭ አድርገው ይውጡ።