ተርቦ ለኮሮላ፦ በትንሽ ወጪ ይቻላል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምነዳው ኮሮላ ባለ1.6 ሊትር ቤንዚን ሞተር (ፎር ኤ ኤፍ ኢ) ነው። ያገለገለ ተርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ገዝቼ ባስገጥምለት ያዋጣል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ገንዘቡን የሚበላው ከተርቦው ይልቅ ነዳጁን ማስተካከሉ ነው። መጀመሪያ ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ሲታመቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ያስለኩ። በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ሐሳቡን ይተዉት።

አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ 0.25 ባር (የግፊት መለኪያ) የሚጨምር ተርቦ በዋናነት ከፍታው የወሰደውን ይመልሳል፤ ለጀማሪ ከዚያ ማለፍ አንመክርም። አደጋው ወደ አዋሽ ሲወርዱ ነው። ተርቦው ያንኑ 0.25 ባር ቀድሞውኑ በወፈረ አየር ላይ ይደርባል፣ ነዳጁ ያጥራል፣ ሞተሩ ያንኳኳል (ነዳጁ ያለአግባብ በራሱ ይፈነዳል)፣ ፒስተኑም በፋሻዎቹ (በዙሪያው ባሉት ቀለበቶች) መካከል ይሰበራል። የአየርና የነዳጅ ምጣኔ የሚያሳይ ጌጅ (ዋይድባንድ) ሳይገጥሙ አይንዱ፤ ነዳጅ ሙሉ ረግጠው ቁጥሩ ከ12 ካለፈ ነዳጁ አንሷል ማለት ነውና ወዲያው እግርዎን ያንሱ። ካንዴላውን በአንድ ደረጃ ቀዝቃዛ በሆነ (ሙቀቱን ቶሎ በሚያስወጣ) ይቀይሩ፣ ክፍተቱን 0.8 ሚሊሜትር ያድርጉ።

ብዙዎች የሚያበላሹት የዘይት መመለሻውን (ዘይቱን ከተርቦው ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ቱቦ) ነው። ውስጡ ቢያንስ 16 ሚሊሜትር ይስፋ፣ ሳይታጠፍ ቁልቁል ይውረድ፣ ኮፓው (የሞተሩ የታችኛው ዘይት መያዣ) ውስጥ ከዘይቱ ደረጃ በላይ ይግባ። ከጠበበ ዘይቱ ተርቦው ውስጥ ተጠራቅሞ በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይሆናል።