ናሽናል አርቦሬተም በየትኛው ወር ይሻላል ላልሽው

እህቴ፣ “እናቴን ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ናሽናል አርቦሬተም (ትልቁ የዛፍና የአበባ መናፈሻ) መቼ ልውሰዳቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል” ላልሽው፣ እኔ ብሆን ኤፕሪል መጨረሻ ነው የምወስዳቸው፣ ግን በሥራ ቀን በጠዋቱ። የዛኔ ማውንት ሃሚልተን የሚባለው ኮረብታ አዛሊያ በሚባል አበባ ነው የሚሸፈነው፣ ቀይ ሮዝ ነጭ። ቅዳሜና እሁድ ከሆነ ግን ፓርኪንግ ስትፈልጊ ትውያለሽ። ዳገቱን ተዉት፣ ቦታው 446 ኤከር ነው በእግር አይዘለቅም፣ ደግነቱ በመኪና ውስጥ ለውስጥ መዞር ይቻላል መግቢያውም ነጻ ነው።

ለቼሪ አበባ ብለሽ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚጎርፍበት ታይዳል ቤዝን የሚባለው ሐይቅ ዳር ሄደሽ አትጋፊ፣ አርቦሬተሙ ያለው ቼሪ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ አንዱ ሲረግፍ ሌላው ይፈካል።

ጁላይና ኦገስት ይቅርባችሁ፣ ወበቁም ትንኙም አያስቀምጥም። በበጋው የሚያብበው ክሬፕ ሜርትል የሚባል የአበባ ዛፍ ነው፣ ያ በየፓርኪንጉ ዳር የምናየው ናቼዝ የሚሉት ነጩ እዛው አርቦሬተም የተዳቀለ ነው፣ ስለዚህ ሰፈርሽም ታገኚዋለሽ።

ለራሴ ከሆነ ግን ምርጫዬ ኖቬምበር መጀመሪያ ነው። ዶውን ሬድውድ የሚባል ረጅም ዛፍ አለ፣ ሲያዩት ጥድ ይመስላል ግን ቅጠሉን ያራግፋል፣ በፊት በቅሪተ አካል ብቻ ነበር የሚታወቀው ከዛ በ1940ዎቹ ቻይና ውስጥ በሕይወት ተገኘ። ቅጠሉ ዝገት መስሎ ሲረግፍ ሥሩ መቀመጥ ነው ሰውም የለም።

እዛው ያለውን የቦንሳይ (በሳህን ላይ እየተከረከመ ትንሽ ሆኖ የሚያድግ ዛፍ) ሙዚየም ግን በየትኛውም ወቅት እንዳታልፉት፣ ሜዳ ስለሆነ ለጉልበታቸውም አይከብድም። ከ1625 ጀምሮ ሲከረከም የኖረ ፓይን የሚባል የጥድ ዓይነት አለ፣ ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነበር፣ ተርፎ በ1976 ጃፓኖች ለአሜሪካ ስጦታ ሰጡት። 22ቱ የድሮ የካፒቶል (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) ዓምዶችም ሜዳው መሀል ቆመዋል፣ እናቴ አይታቸው “ጣሪያውን ማን ወሰደው” ነው ያለችው።

ምግብና ውሃ ከቤት ያዙ፣ ሜትሮም አጠገቡ የለም። ክረምት ላይም ቢሆን ጥዶቹ በረዶ ሲያርፍባቸው ያምራሉ፣ የፈረንጅ ገና ዕለት ብቻ ነው የሚዘጋው፣ በኛ ገና ክፍት ነው።