ከድብብቆሽ እስከ ሁለትዮሽ፦ «ኦሽ» ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ መጻሕፍት፣ የሳይንስ ልቦለድና የኮምፒዩተር ጌም ያገናኙን ጓደኛሞች ነን፤ ማታ ማታ በቴሌግራም እንጫወታለን። ሰሞኑን ወሬያችን ወደ ልጅነት ጨዋታ ዞረና አንድ ነገር አከራከረን። ድብብቆሽ፣ አባሮሽ፣ ቅልብልቦሽ ስንል መጨረሻው ላይ ያለው «ኦሽ» ምንድን ነው? አንዱ ጓደኛችን «ለአንቺ የሚነገር ሽ ነው» ይላል። ሌላዋ ደግሞ በዚሁ መንገድ ለራሳችን ጨዋታዎች ስም እናውጣ ትላለች፦ ቃልን ከቃል ለምናያይዝበት ጨዋታ፣ መጽሐፍ ለምንዋዋስበት ልማድ፣ ተራ በተራ ለምንጽፈው ታሪክ፣ በጥያቄ ብዛት የታሰበን ነገር ለምናወጣበት ጨዋታ። ይቻላል? እንቆቅልሽስ ከእነዚህ ይመደባል?

መልስ፦ «ኦሽ» ከግስ ስም የሚያወጣ ባዕድ መድረሻ፣ ማለትም በቃል መጨረሻ ላይ የሚቀጠል ክፍል ነው፤ ከአንቺ «ሽ» ጋር ዝምድና የለውም። የጓደኛችሁ ጥርጣሬ ግን ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በጽሑፍ ላይ ሁለቱ አንድ ሆነው የሚታዩባቸው ቃላት አሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ አባሮሽ ነው።

«አባሮሽ ነበር» የሚለውን ብቻውን ተመልከቱት። «ጨዋታው አባሮሽ ነበር» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «እሱ አንቺን አባሮሽ ነበር» ማለትም ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ንባብ «አባሮ» እንደ «ሄዶ»፣ «በልቶ» ያለ የግስ መልክ፣ ማለትም ቦዝ አንቀጽ ነው፤ «ሽ» ደግሞ ተሳቢዋን ያመለክታል። መለያው ቀላል ነው፦ አድራጊውን ቀይሩት። እሷ ስትሆን «አባራሽ ነበር»፣ እነሱ ሲሆኑ «አባረውሽ ነበር» ይሆናል። የጨዋታው ስም ግን ማንም ይጫወተው ማን አይነቃነቅም። ሁለተኛው መለያ የስም ጓዝ መሸከሙ ነው፦ አባሮሹ፣ አባሮሹን፣ በአባሮሽ፣ የአባሮሽ ሕግ። ቦዝ አንቀጹ ከእነዚህ አንዱንም አይቀበልም። ጥሎሽም እንደዚሁ ነው፤ «ጥሎሽ ሄደ» እና «ጥሎሹ ደረሰ» አንድ ዓይነት ፊደል ይዘው ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስሙ በሽ ስላለቀ ብቻ አንስታይ እንደማይሆንም አስተውሉ፤ ድብብቆሹ ተጀመረ እንጂ ተጀመረች አይባልም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ ስም ለማውጣት የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነውና። ድብብቆሽን ፈትተን እንየው። ሥሩ የደበቀ ሦስት ተነባቢዎች ናቸው፦ ድ፣ ብ፣ ቅ። ሰዎች እርስ በርስ ሲያደርጉት ግሱ በተደራራጊ መልክ ተደባበቀ ይሆናል፤ መካከለኛው ተነባቢ ተደገመ ማለት ነው። መነሻውን «ተ» አንሡና የቀሩትን ፊደላት ሁሉ ወደ ሳድስ፣ ማለትም ወደ 6ኛው መልክ አውርዱ፤ ድብብቅ ይወጣል። ከዚያ የመጨረሻውን ፊደል ከሳድስ ወደ ሳብዕ፣ ማለትም ወደ 7ኛው መልክ አንሥታችሁ ሽ ጨምሩ፦ ድብብቅ፣ ድብብቆ፣ ድብብቆሽ። ቅብብሎሽም ከተቀባበለ በዚሁ መንገድ የወጣ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብ ላይ ነው። «ድብቆሽ» ብለው የሚጽፉ አሉ። ምክንያታቸው አማርኛ መጥበቅን (ድምፅ ተጭኖ መነበቡን) በፊደል ስለማያሳይ አንድ ብ ይበቃል የሚል ነው። ነገር ግን እዚህ ያሉት ሁለቱ ብ የአንድ ጠባቂ ድምፅ ሁለት ምልክቶች አይደሉም፤ በመካከላቸው አናባቢ ያለ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ የሚጠብቀውም ሁለተኛው ነው። ንግግር ላይ ሁለቱን ግ፣ ልውውጥ ላይ ሁለቱን ው ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ያው ቅርጽ በጆሮ ይሰማችኋል። «ንግር» ብሎ ንግግር ማለት እንደማይቻል ሁሉ «ድብቆሽ» ብሎም ድብብቆሽ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ቅርጽ መጨረሻ ያሉትን ሁለት ተነባቢዎች አንድ ላይ ይደግማል። ቀለበ ሥሩ ቅ፣ ል፣ ብ ነው፤ «ልብ» ሲደገም ቅ–ልብ–ልብ፣ ከዚያም ቅልብልቦሽ። እዚህ ላይ የትርጉም ልዩነት አለ ብዬ አምናለሁ። ድብብቆሽና ቅብብሎሽ ቢያንስ ሁለት ወገን ይፈልጋሉ። ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ ሳይወድቅ መቅለብን ግን አንድ ልጅ ብቻውን ቢጫወተውም ቅልብልቦሽ ነው፤ የተደጋገመው ድርጊቱ እንጂ ተጫዋቹ አይደለም። ሕጉ ግን የማይሰበር አይደለም። ግጥምጥሞሽ ቅርጹ እንደ ቅልብልቦሽ ሆኖ ሳለ ቢያንስ ሁለት ነገሮች ካልተገናኙ አይኖርም።

ሦስተኛው ምንም የማይደግም ነው፦ አባሮሽ፣ ጥሎሽ፣ ግጦሽ። እነዚህ በቦዝ አንቀጹ ላይ ሽ የተጨመረባቸው ይመስላሉ፤ ከላይ ያየነው መምታታት የሚመጣውም በዚህ ቅርጽ ብቻ ነው። ድብብቆሽን ማንም ከቦዝ አንቀጽ ጋር አያምታታውም፤ የተደባበቀ ቦዝ አንቀጽ ተደባብቆ ነውና።

ከቁጥርም ጋር ይሄዳል፤ ያኔ መልኩ «ዮሽ» ነው፦ ሁለትዮሽ፣ ሦስትዮሽ። ዜና ላይ የሁለትዮሽ ግንኙነት፣ የሦስትዮሽ ድርድር ሲባል እንሰማለን። ለኮምፒዩተር ወዳጆች የሚጥመው ደግሞ በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፈውም አቆጣጠር ሁለትዮሽ መባሉ ነው፤ 13 በሁለትዮሽ 1101 ነው፣ ማለትም 8፣ 4 እና 1 አለ፣ 2 የለም። የመንደር ጨዋታና የማሽን ቁጥር በአንድ መድረሻ መጠራታቸው ቋንቋው ቅጥያውን ገና በሕይወት እንደያዘው ያሳያል። ለዚህም ነው አዲስ ስም ማውጣት ይቻላል የምለው።

ይሁን እንጂ ከመፍጠራችሁ በፊት ስሙ ቀድሞ አለመኖሩን እዩ። ልውውጥ፣ ቅርርብ፣ ምልልስ፣ ፉክክር ያለ ኦሽ የቆሙ ስሞች ናቸው፤ «ልውውጦሽ» ማለት ምንም አይጨምርም። የመጽሐፍ መዋዋሳችሁም በዚሁ ይወድቃል። ተዋሰ ውስጥ የቀሩት ተነባቢዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ልድገም ቢሉ «ውውሶሽ» የሚል ለአፍ የሚያስቸግር ነገር ይወጣል። ውሰት የሚል ያማረ ቃል ስላለን «የመጽሐፍ ውሰት» በሉት። በአጠቃላይ እንደ ሰማ፣ በላ፣ ገባ ያሉ ሦስተኛ ተነባቢያቸው የጠፋ ግሶች ለዚህ አሠራር አይመቹም፤ ቅርጹ የሚይዘው ተነባቢ ያጣል። እንደ ተረጎመ ያሉ አራት ተነባቢ ያላቸው ደግሞ ሲደገሙ ይረዝማሉ፤ «የትርጉም ጨዋታ» ብሎ ማለፍ ይሻላል።

ለቃል ጨዋታችሁ «የቃል ቅብብሎሽ» ከማለት የተሻለ አይታየኝም። በ4 በ100 ሜትር ሩጫ ዱላ እንደሚቀባበሉ ሁሉ እዚህ የሚተላለፈው የቃሉ የመጨረሻ ፊደል ነው። በአማርኛ ስትጫወቱት ግን ሕጉን አስቀድማችሁ ካልተስማማችሁ በየደቂቃው መጨቃጨቅ አይቀርም፤ አብዛኛው ቃላችን በሳድስ ስለሚያልቅ በዚያው ሳድስ የሚጀምር ቃል ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የሚቆጠረው መላው ቤተሰብ ይሁን፦ ፍቅር በ«ር» ካለቀ ከረ እስከ ሮ ያለው ሁሉ ይፈቀድ። ሰ እና ሠ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደ አንድ ይቆጠሩ፤ ድምፃቸው አንድ ነውና። በ«ነት» የሚያልቁ ስሞችን ከልክሉ፤ እነሱ ከተፈቀዱ ሁሉም ሰው በየተራው ት እያወረሰ ጨዋታው ይደነዝዛል። እንደ አማርኛ ያለ በኛ የሚያልቅ ቃል ሲመጣ ወደ ነ ቤተሰብ መዝለል ይፈቀድ፤ በኘ የሚጀምር ቃል ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ዥ ግን አያስፈራችሁ፦ ሰንጠረዥ ሲባል ዥዋዥዌ፣ ዥዋዥዌ ሲባል ወረቀት።

ተራ በተራ ለምትጽፉት ታሪክ «ቅጥልጥሎሽ» ሊታሰብ ይችላል፤ ቀጠለን በሁለተኛው ቅርጽ ብናስኬደው በትክክል የሚወጣው ይኸው ነው። የሚያሳስበኝ ተቀጣጠለ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ ወደ እሳት መሄዱ ነው። ሐረግ ላይ «የታሪክ ቅጥልጥሎሽ» ሲሆን እሳቱ ይጠፋል፤ ብቻውን ሲቆም ግን ያሻማል። እኔ «የታሪክ ቅብብሎሽ»ን እመርጣለሁ፤ ከቃል ቅብብሎሽ ጋርም ወንድማማች ይሆናሉ።

በጥያቄ ብዛት የታሰበውን ነገር ለምታወጡበት ጨዋታ «ጥይይቆሽ» ማለት ትችላላችሁ፤ ጠየቀ፣ ተጠያየቀ፣ ጥይይቅ፣ ጥይይቆሽ። ሁለቱ ይ ጎን ለጎን መምጣታቸው እንግዳ ቢመስልም ውይይት ላይ በየቀኑ የምንለው ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ተደራራጊ ስለሆነ ጠያቂና ተጠያቂ ቦታ መለዋወጥ አለባቸው። አንዱ ሁልጊዜ የሚጠይቅ፣ ሌላው ሁልጊዜ የሚመልስ ከሆነ ስሙ ከድርጊቱ ጋር አይገጥምም። ይህ ልዩነት ፈለገ ላይ ጎልቶ ይታያል። ተሳታፊዎች እርስ በርስ የሚፈላለጉበት ጨዋታ «ፍልልጎሽ» ቢባል፣ ሁሉም የተደበቁ ዕቃዎችን እየዞሩ የሚያድኑበት «ፍልግልጎሽ» ቢባል ያስኬዳል። ሁለቱም መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጋችሁ የምታገኟቸው ሳይሆኑ እዚህ የቀረቡ ሐሳቦች ናቸው፤ ቅርጹን ለሚያውቅ ሰው ግን ሳይተረጎሙለት ይገቡታል።

ጨዋታ ሁሉ በኦሽ እንዲያልቅ መጣርም አያስፈልግም። አማርኛ ሌሎች መንገዶች አሉት። ዕቃቃ ስሙን ያገኘው «ዕቃ ዕቃ» ብሎ ስም በመድገም ነው። ሌባና ፖሊስ የተጠራው በተጫዋቾቹ ነው፤ ሰኞ ማክሰኞ ደግሞ መሬት ላይ ለተሠመሩት ቤቶች በሚሰጠው ስም። ገጸ ባሕርይ ወስዳችሁ የምትጫወቱት ጌም ካላችሁ የሌባና ፖሊስን መንገድ ተከትላችሁ በሁለቱ ወገኖች ስም ጥሩት፤ ከግስ ከሚወጣ ስም ይልቅ ይቀላል።

ከሁሉም ጋር የሚሄደው ግስ ተጫወተ ነው፦ ድብብቆሽ ተጫወቱ፣ የቃል ቅብብሎሽ እንጫወት። «ድብብቆሽ አደረጉ» ወይም «ሠሩ» አይባልም። ተጫወተ ማውጋትም ስለሆነ «ማታ በቴሌግራም ስንጫወት ነበር» ብቻ ብትሉ ሰሚው ወሬ ይሁን ጌም አይለይለትም፤ የጨዋታው ስም ሲገባ ይጠራል።

እንቆቅልሽ ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ነው። ጓደኛችሁ የጠረጠረው የአንቺ «ሽ» ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሽ በፊት ያለው «ል» ሳድስ ነው፤ ኦ የለም። አካሄዱም «ምን አውቅልሽ» ከሚለው መልስ ጋር አንድ ነው፦ ለሴት እንቆቅልሽ፣ ለወንድ እንቆቅልህ፤ መላሹም እንዲሁ ጠያቂዋ ሴት ከሆነች ምን አውቅልሽ፣ ወንድ ከሆነ ምን አውቅልህ ይላል። የጥያቄው ዓይነት መጠሪያ ሲሆን ግን በእንቆቅልሽ ረግቷል፤ ለወንድም ቢቀርብ «አንድ እንቆቅልሽ ልጠይቅህ» ነው የሚባለው። ብዙ ቁጥሩ እንቆቅልሾች ነው፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው የሚቆጠር ነገር ስለሆነ ይስማማዋል። ድብብቆሽ ግን የድርጊት ስም ስለሆነ «ድብብቆሾች» አይጥምም፤ ሦስት ጊዜ ከተጫወታችሁ «ሦስት ዙር ድብብቆሽ» በሉ።